7 ዓመት የተጠበቀው አሰልጣኝ

አንድ ቡድን ላይ ረጅም ዓመት የቆየ አሰልጣኝ ጥራ ሲባል የኛ ሰው ብዙ አይቸገርም። የማንቸስተር ዩናይትዱ ደጋፊ ደረቱን ነፍቶ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ይላል፤ 26 ዓመት ከግማሽ። የአርሰናሉም አይተኛለትም፣ አርሴን ቬንገርን ይጠራል፤ 22 ዓመት። ጠለቅ ብሎ የሚከታተል ደግሞ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ የኦሴሩን ጊ ሩ ሊያነሳ ይችላል። ሁሉም ልክ ናቸው። ዛሬ የማወራችሁ ግን እነዚህ ሦስቱም ከመወለዳቸው በፊት አንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ 41 የውድድር ዘመን ስለተቀመጠ ሰውዬ ነው። ስሙ አሞስ አሎንዞ ስታግ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው።

«እሱ ያሰለጠነው የኛን ኳስ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ስታግ ያሰለጠነው አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉትን፣ እንቁላል መሳይ ኳስ ይዘው እየተጋፉ የሚሮጡበትን ጨዋታ ነው። ቤዝቦልም አሰልጥኗል። ታዲያ ምን ችግር አለው? የአሰልጣኝ ወንበር በሁሉም ጨዋታ ያው ወንበር ነው። ስታሸንፍ ሐውልት ይሠራልሃል፣ ስትሸነፍ ሻንጣህን ያዝ ትባላለህ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ስታግ የተጻፈውን ስታነቡ የምታገኙት የቅዱስ ገድል ነው። ይሄን ፈጠረ፣ ያን ፈጠረ፣ አያጨስም፣ አይጠጣም፣ 102 ዓመት ኖረ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስታግን ስታግ ያደረገው ጭንቅላቱ ብቻ አይደለም፣ የቀጠረው ቤት ነው። የጣለውም ዕድሜው አይደለም፣ ያው ቤት ነው።

ስታግ በ1862 ኒው ጀርሲ ውስጥ ዌስት ኦሬንጅ ነው የተወለደው። ድሃ ቤት ነው ያደገው። ዬል ዩኒቨርሲቲ የገባው ሰባኪ እሆናለሁ ብሎ ነበር። እዚያ ግን ስሙን የተከለው በቤዝቦል ነው። ፒቸር ነበር፤ ፒቸር ማለት ኳሷን ዱላ ለያዘው ተጋጣሚ የሚወረውረው ሰው ነው፣ ጨዋታው በሱ እጅ ነው ማለት ይቻላል። በዘመኑ ከኮሌጅ ፒቸሮች ቁንጮው እሱ ነበር። የፕሮፌሽናል ክለቦች ገንዘብ ይዘው መጡ፣ እምቢ አለ። ያን ጊዜ የፕሮፌሽናል ቤዝቦል አካባቢ መጠጥና ቁማር የበዛበት ስለነበር ለሰባኪ አይሆንም ብሎ ነው። በፉትቦልም ቢሆን በ1889 የመጀመሪያው የመላው አሜሪካ ምርጥ 11 ሲወጣ ስሙ እዚያ ውስጥ አለ።

ሰባኪነቱ ግን አልሆነም። ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር አይሆንለትም ነበር። ስለዚህ ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማህበር ማሰልጠኛ ሄዶ ፉትቦል ማሰልጠን ጀመረ። በነገራችን ላይ ጄምስ ናይስሚዝ ቅርጫት ኳስን የፈጠረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። በመጋቢት 1892 ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ እያየ በተደረገው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ተማሪዎች መምህራንን 5 ለ 1 ሲያሸንፉ የመምህራኑን አንዷን ያገባው ስታግ ነበር። ሰውዬው የሌለበት ቦታ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1892 ሮክፌለር በሚባለው የነዳጅ ቱጃር ገንዘብ ቺካጎ ላይ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሬይኒ ሃርፐር ይባላል። የዕብራይስጥ ምሁር ነው፣ ዬል ላይ ስታግን አስተምሮታል። ሃርፐር አንድ ነገር ገብቶታል። አዲስ ዩኒቨርሲቲ ስሙን ለማስጠራት መጽሐፍ ብቻ አይበቃውም፣ ቡድን ያስፈልገዋል። ስታግን ጠራው። የጠራው ግን እንደ አሰልጣኝ አልነበረም። ተባባሪ ፕሮፌሰር አድርጎ፣ የአካል ብቃት ትምህርት ክፍል ኃላፊ አድርጎ፣ በዓመት 2,500 ዶላር፣ ቋሚ ሥራ ነው የሰጠው። ቋሚ የሚለውን ቃል አስምሩበት። እንደ ሌላው ፕሮፌሰር ዝም ተብሎ የማይባረር ማለት ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ቋሚ የመምህር ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው የስፖርት አሰልጣኝ ስታግ ነው።

እስቲ ከዚህ ውል በኋላ የሆነውን እንይ። የመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ሰው ስላልነበረው አሰልጣኙ ራሱ ማሊያ ለብሶ ገባ። 30 ዓመቱ ነበር። ከኮሌጆች ጋር ካደረጋቸው ጨዋታዎች ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው። ዛሬ ቢሆን ጥቅምት ላይ «አሰልጣኙ ጫና ውስጥ ናቸው»፣ ኅዳር ላይ «ቦርዱ ሙሉ እምነት አለው»፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ «በስምምነት ተለያዩ» ብለን እንጽፍ ነበር። እኛ ጋዜጠኞችም እጃችን አለበት፣ አንካድ። ስታግ ግን ፕሮፌሰር ነው፣ ማን ነክቶት! የአካባቢው ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በኋላ ቢግ ቴን የተባለውን ሊግ አቋቋሙ፣ ቺካጎም ገባበት። ስታግ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በ1899 ነው። ከመጣ በሰባተኛ ዓመቱ!

ይሄ ቁጥር የሆነ ነገር አያስታውሳችሁም? ፈርጉሰን ኦልድ ትራፎርድ የደረሰው በኅዳር 1986 ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ፣ ኤፍ.ኤ ካፑን ያገኘው በ1990፣ የሊጉን ዋንጫ ደግሞ በ1993 ነው። እሱም ከስድስት ዓመት በላይ ተጠብቋል። በ1989 መጨረሻ ላይ ደጋፊው ይበቃናል የሚል ጨርቅ አንጠልጥሎበት ነበር፤ ቦርዱ ግን አልሰማም። ያን ጊዜ ቢሰማ ኖሮ 13 የሊግ ዋንጫ የሚባል ነገር የለም። ስታግም እንደዚያው ነው። ከ1899 በኋላ በ1905፣ በ1907፣ በ1908፣ በ1913፣ በ1922 እና በ1924 ሻምፒዮን ሆኗል። ሰባት ዋንጫ ነው።

ደግሞ ፉትቦል ብቻ እንዳይመስላችሁ። መኸር ሲሆን ፉትቦል፣ ፀደይ ሲመጣ ቤዝቦል፣ በመሃል አትሌቲክስ። የቺካጎን የቤዝቦል ቡድን ከ1893 እስከ 1913 በ1906 ብቻ አቋርጦ መርቷል። ተጨዋቾች ኳስ መምታት የሚለማመዱበት በመረብ የታጠረው ቤት የሱ ሐሳብ ነው ይባልለታል። የቺካጎ ቤዝቦል ቡድን በ1910 በመርከብ ጃፓን ድረስ ሄዶ ከዋሴዳና ከኬዮ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተጫውቷል። ዛሬ ለበረኛ ብቻ ሌላ አሰልጣኝ፣ ለእጅ ውርወራ ብቻ ሌላ አሰልጣኝ በሚቀጠርበት ዘመን ሆነን ስናየው ጉድ ያሰኛል። ሚስቱ ስቴላ ደግሞ ጨዋታ እያየች ቅስቃሴውን በወረቀት ትነድፍለት፣ ተጋጣሚ ትሰልልለት ነበር። ያለ ደሞዝ የሠራች ረዳት አሰልጣኝ በሏት።

ከሁሉም ግን 1905 ነው ጨዋታው። ሚቺጋን የሚባል ጎረቤት አለ። አሰልጣኙ ፊልዲንግ ዮስት በ1901 ሲመጣ በዚያ ዓመት በሙሉ አንድ ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም። ከዚያ ወዲያ ሚቺጋን 56 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄደ። 56! አንዱን ብቻ ነው እኩል የወጣው። ስታግ በነዚህ ዓመታት ከሚቺጋን ጋር አራት ዓመት ተከታትሎ ተጋጥሞ አራቱንም ተሸንፏል። በ1903 የተሸነፈው 28 ለ 0 ነው፣ ያውም በገዛ ሜዳው። የከተማ ደርቢ አራት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ አሰልጣኝ የት ነው የሚገኘው ብትሉኝ ቤቱ ነው የሚገኘው እላችኋለሁ። ስታግ ግን በአምስተኛው ዓመትም ሜዳው ላይ ነበር።

ኅዳር 30 ቀን 1905 ቺካጎ ላይ ተገናኙ። 27 ሺህ ሰው ገባ ይባላል። ለዚያ ዘመን እብደት ነው። ጨዋታው ጎተራ የሚዘጋበት ዓይነት ነው፤ እዚህም 0 እዚያም 0። የቺካጎው ኮከብ ዋልተር ኤከርሶል ኳሱን በእግሩ አርቆ መታው። የሚቺጋኑ ዴኒ ክላርክ የራሱ የመጨረሻ ክልል ውስጥ ያዘውና ሮጦ ሊወጣ ሞከረ። ትንሽ ወጣ። የቺካጎ ልጆች ደረሱበትና ከነኳሱ ወደ ኋላ ገፍተው እዚያው ክልሉ ውስጥ ጣሉት። ይሄን ሴፍቲ ይሉታል፣ የሚያሰጠው 2 ነጥብ ብቻ ነው፤ በኛ ቋንቋ በራስ መረብ ላይ ማግባት ማለት ነው። አለቀ። 2 ለ 0። 56ቱ ጨዋታ እዚያ ላይ ቆመ።

ስለ ድሉ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ ክላርክ አንድ ነገር ልበል። 21 ዓመት ገና ያልዘለለው ልጅ በማግስቱ በጋዜጣ ተሰደበ፣ ትምህርቱንም ከሚቺጋን ለቀቀ። ያቺ ኳስ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀችውም። በ1932 ሕይወቱን በገዛ እጁ ሲያጠፋ ጋዜጦቹ ያንኑ ጨዋታ ነው ያነሱት። ከ27 ዓመት በኋላ! በአንድ ቤት ስህተት እየታየ ሰው ሰባት ዓመት ይጠበቃል፣ በሌላው በአንዲት ኳስ ሰው ይቀበራል። ልዩነቱ የተጨዋቹ ወይም የአሰልጣኙ ችሎታ ብቻ ነው እንዳትሉኝ።

ሃርፐር ያን ድል ሲሰማ ታሞ አልጋ ላይ ነበር። በጥር 1906 ሞተ።

እስካሁን እያሞገስኩ መጣሁ፤ አሁን ወደማይነገረው እንግባ። ዋስትና ያለው አሰልጣኝ ጥሩ ነው፣ የሚጠይቀው የሌለ አሰልጣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስታግ ሁለቱንም ነበር። ሜዳው፣ ትኬቱ፣ ገንዘቡ፣ ሁሉም በሱ እጅ ነው። መምህራኑ ቢያጉረመርሙም እሱ በቀጥታ ፕሬዚዳንቱ ጋ ነው የሚገባው። ኤከርሶልን ውሰዱ። የዘመኑ ምርጥ ተጨዋች ነው፣ ግን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃ ውጤት ሳይኖረው ነው የገባው። በዚያው በ1905 ኤድዋርድ ጆርዳን የተባለ ጸሐፊ ኮሊየርስ በተባለው መጽሔት ላይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ድል እየገዙ ነው ብሎ በተከታታይ ሲያጋልጥ ከቺካጎ ነው የጀመረው። ኤከርሶል የመጫወቻ ጊዜው ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲው ውስጥም አልቆየም። ዲግሪውን ሳይዝ ወጣ። በኋላ የቺካጎ ትሪቢዩን የስፖርት ጸሐፊ ሆኗል፤ ማለትም የኛው ሙያ ባልደረባ ነው።

ይሄን ሁሉ ስታግ አያውቅም ነበር ማለት ሞኝነት ነው። ያው ሰውዬ ተጨዋቹ ሲጋራ ሲያጨስ ቢያገኘው ይቆጣል፤ ሲናደድ እንኳ ከአፉ የሚወጣው ትልቁ ስድብ «አህያ!» ነው ይባላል። ስድብ ኃጢአት ነው ብሎ ሳይሳደብ የኖረ ሰው የኤከርሶልን ወረቀት ሲያይ ግን ዓይኑን ጨፍኗል። ይሄ አያሳንሰውም እላለሁ እኔ። ሰው ያደርገዋል። ቅዱስ ነው ብለው የሚያወሩለት ናቸው የሚያሳንሱት፤ ምክንያቱም ቅዱስ ከሆነ የሠራው ነገር ሁሉ ተአምር ነው፣ ከተአምር ደግሞ ማንም ክለብ የሚማረው ነገር የለም።

ሥራውን ለማየት ከፈለጋችሁ የ1924ቱን የኢሊኖይስ ጨዋታ ተመልከቱ። ኢሊኖይስ ሬድ ግሬንጅ የሚባል ጉደኛ ነበረው። በጥቅምት ወር ሚቺጋንን ሲገጥም ገና በመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃዎች አራት ጊዜ ሮጦ ያስቆጠረ ሰው ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ወደ ቺካጎ መጣ። ስታግ 62 ዓመቱ ነው። ግሬንጅን እንዴት ነው የምታቆመው? ስታግ መልሱን አገኘው፤ ኳሱን አትስጠው! ቡድኑ ረጅም ነገር ሳይሞክር አጭር አጭር እየገፋ፣ ኳሱን ከእጁ ሳያወጣ ተጫወተ። ግሬንጅ ዳር ቆሞ አየ። ሲደርሰው ግን ግሬንጅ ግሬንጅ ነው፤ ጨዋታው 21 ለ 21 አለቀ፣ ዋንጫው ግን የቺካጎ ሆነ። የጋርዲዮላን ባርሴሎና ያየ ሰው ይሄን ሐሳብ በደንብ ያውቀዋል። ኳሱ አንተ ጋ ከሆነ ሮናልዶም ቢሆን አያገባብህም።

ያ የመጨረሻው ዋንጫ ነው።

ከ1925 እስከ 1932 ባሉት ስምንት ዓመታት ካሸነፈው የተሸነፈው በለጠ። ከግማሽ በላይ ያሸነፈው በ1929 ብቻ ነው። ታዲያ ምን ሆነ? አረጀ ብለው ጨረሱት። እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። በነዚያ ዓመታት ኦሃዮ ስቴት በ1922፣ ኢሊኖይስ በ1923፣ ሚቺጋን በ1927 ግዙፍ ስታዲየም ሠርተዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ ተማሪያቸው እንደ አሸዋ ነው፣ ፉትቦል ለሚችል ልጅም የሚሆን ትምህርት አላቸው። ቺካጎ ደግሞ በተቃራኒው ፊቱን ወደ ምርምር አዞረ። መግቢያው ከበደ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እንደ ኤከርሶል ያለው ልጅ በ1928 በሩ ላይ ቢደርስ አይገባም ነበር። ያው አሰልጣኝ፣ ያው ቋሚ ውል፣ ያው ሜዳ፤ ከጀርባው የነበረው ሰው ግን የለም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ለአሰልጣኝ ጊዜ ስጡ» ይባላል፤ እኔም እላለሁ። ግን ጊዜ ብቻውን ምንም አይሠራም። ስታግ ከ1892 እስከ 1899 ሰባት ዓመት ሲሰጠው አብሮ ሜዳ፣ ገንዘብና ተጨዋች ተሰጥቶታል። ከ1925 እስከ 1932 ደግሞ ስምንት ዓመት ተሰጥቶታል፤ ከአንድ ዓመት የበለጠ ነው እኮ! ግን ባዶ ጊዜ ነው። ባዶ ጊዜ የተሰጠው አሰልጣኝ ቀስ ብሎ የሚባረር አሰልጣኝ ነው።

በ1929 ሮበርት ሜይናርድ ሃችንስ የሚባል የ30 ዓመት ወጣት ፕሬዚዳንት ሆኖ መጣ። ፉትቦል ለሱ ዩኒቨርሲቲን የሚያዘናጋ ነገር ነው። ስታግ በ1932 ነሐሴ 70 ሞላው። የዩኒቨርሲቲው ደንብ 70 ዓመት ጡረታ ነው ይላል። ሌላ የክብር ሥራ ይሰጥህ ተባለ፣ እሱ ግን ማሰልጠን ነው የምፈልገው ብሎ እምቢ አለ። ወጣ። ደንቡ ደንብ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ፈርጉሰንም በ2013 የወጣው በ71 ዓመቱ ነው፤ ግን በራሱ ጊዜ፣ ዋንጫ ይዞ። እኔ የምቃወመው ችግሩ የሽማግሌው ነው ተብሎ መወራቱን ነው።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ስታግ የሄደው ካሊፎርኒያ ስቶክተን ውስጥ ወዳለች ኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክ ወደምትባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። በኅዳር 1938 ይህች ኮሌጅ ቺካጎ ድረስ መጥታ ከቀድሞ ቤቱ ጋር ተጫወተች። ሜዳው በስሙ ተሰይሟል፤ ስታግ ፊልድ ነው የሚባለው። የ76 ዓመቱ አዛውንት በገዛ ስሙ ሜዳ ላይ የእንግዳውን ቡድን ይዞ ገባ። 32 ለ 0 አሸነፈ። እኔ በዚያ ቀን ስታዲየም ውስጥ ተቀምጦ የነበረውን የቺካጎ ደጋፊ ብሆን ለማን እንደማጨበጭብ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት የባሰው መጣ። ሚቺጋን ቺካጎን 85 ለ 0 አሸነፈው። የቁጥር ስህተት አይደለም፣ ሰማንያ አምስት ለዜሮ ነው። የሚቺጋን አሰልጣኝ ማን ነበር? ፍሪትዝ ክራይዝለር። ስታግ ቺካጎ ላይ ያጫወተው፣ ያሳደገው፣ «ፍሪትዝ» የሚለውን ቅጽል ስም ራሱ ያወጣለት ልጅ! ኦሃዮ ስቴት 61 ለ 0፣ ሃርቫርድም 61 ለ 0 ደገሙት። በታኅሣሥ 1939 ዩኒቨርሲቲው ፉትቦሉን ጨርሶ ዘጋው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገራችሁ። ስታግን የተካው አሰልጣኝ ክላርክ ሾነሲ ይባላል። በሱ ጊዜ ጄይ በርዋንገር የተባለ ተጨዋች ቺካጎ ላይ ነበር፤ በኋላ ሃይስማን የተባለውን የኮሌጅ ምርጥ ተጨዋች ሽልማት በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው እሱ ነው። ከዓለም ቁጥር አንድ ኮሌጅ ተጨዋች ጋርም ቢሆን ቡድኑ አልተነሳም። ያ በ85 ለ 0 የተሸነፈው ሾነሲ ሥራውን ሲያጣ ስታንፎርድ ቀጠረው። ሰዎች ሳቁ። በ1940 ስታንፎርድን ይዞ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ በአዲሱ ዓመት መግቢያም ሮዝ ቦውልን አሸነፈ። ያው ሰውዬ ነው! በአንድ ዓመት ውስጥ ከጅል ወደ ሊቅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቤቱ ነው። ዩናይትድም ቢሆን ፈርጉሰን ሲወጣ ዴቪድ ሞይስን በአሥር ወር ውስጥ አባረረው፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉም ጅል ነበሩ?

«ታዲያ መጥፎ አሰልጣኝም ሰባት ዓመት ይጠበቅ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይጠበቅ። ግን አሰልጣኙ መጥፎ መሆኑ የሚታወቀው ቤቱ የራሱን ድርሻ ከሰጠ በኋላ ነው። ሃርፐር ሲቀጥር ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር፣ የሚያስፈልገውንም ሰጠ፣ ከዚያ ጠበቀ። ሃችንስ ደግሞ ምን እንደማይፈልግ ያውቅ ነበር። ፉትቦል ካልፈለክ መዝጋት መብትህ ነው፣ በ1939 እንደዘጋው። ከዚያ በፊት ግን ዓመት ሙሉ ልጆችን እየላክህ 85 ለ 0 ማስደብደብ ምን የሚሉት ነው? ለሃችንስ አንድ ነገር ልስጠው፤ የፉትቦሉ ሜዳ ባዶውን አልቀረም። ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 በስታግ ፊልድ ምዕራባዊ መቀመጫ ሥር ሳይንቲስቶች የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት ፈጸሙ። ያን የሰማ ሰው ሃችንስ ዩኒቨርሲቲውን አበላሸ ሊል አይችልም። ያበላሸው ቡድኑን ነው።

ስታግስ? አረጀ የተባለው ስታግ በ1943፣ በ81 ዓመቱ፣ የአሜሪካ የኮሌጅ አሰልጣኞች የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት። እውነቱን ለመናገር ጦርነት ነበር፣ ባሕር ኃይሉ ለሥልጠና የላካቸው ጠንካራ ልጆች ፓሲፊክ ውስጥ ነበሩ። ይሄ የኔን ነገር ነው የሚያጠናክረው፤ ተጨዋች ሲሰጠው አሸነፈ። ያ ኮሌጅም በ1946 ላይ ይበቃሃል አለው። እሱ ግን ፔንሲልቬንያ ሄዶ ሳስኩሃና በሚባል ዩኒቨርሲቲ ከልጁ ጋር አብሮ አሰለጠነ፤ በ1951 ሳይሸነፉ ጨረሱ። አባት 89 ዓመቱ ነበር። 90 ካለፈው በኋላም ስቶክተን ተመልሶ በአንድ ኮሌጅ ልጆችን ኳስ አመታት ያሳይ ነበር። በዋና አሰልጣኝነት የሰበሰበው 314 ድል ሲሆን ይህን የሰበረው ፖል «ቤር» ብራያንት ነው፣ ያውም በ1981፤ ስታግ መጋቢት 1965 ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ።

ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦሉን በ1969 መልሶ በይፋ ጀመረ፤ የሚጫወተውም ለተጨዋች የስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት ሦስተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነው። የዚህ ዲቪዚዮን የፍጻሜ ጨዋታ ከ1973 ጀምሮ ስታግ ቦውል ይባላል።